መርዶዬን የቀደመ ልብ ወለድ

ስለ ጨለማ ልብ ወለዶች የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱንም አላምንም። አንደኛው የዘመዶቼ ነው። "እንዲህ ያለ መጽሐፍ ልብ ያደርቃል፣ ጭንቅ ይጠራል፣ ተወው" ይላሉ። ሁለተኛው የተማሩ ወዳጆቼ ነው። "የሰውን መከራ ማንበብ ለራስ መከራ ያዘጋጃል" ይላሉ። የትኛው ይበልጥ እንደሚያናድደኝ ልወስን ስል ዕድሜዬ ሃምሳን ዘለለ። ዘመዶቼ ቢያንስ መጽሐፍን ይፈሩታል፤ መፈራት ለመጽሐፍ ክብር ነው። ወዳጆቼ ግን እንደ ክትባት ነው የሚያዩት፤ ትንሽ ትወጋለህ፣ ትንሽ ያተኩስሃል፣ በሽታው ራሱ ሲመጣ አይነካህም።

እኔ የተከተብኩ ሰው ነበርኩ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ እጄ የገባውን አስለቃሽ መጽሐፍ ሁሉ አንብቤያለሁ። ከዚያ ወንድሜ ሞተ።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ቦረና ውስጥ ተልተሌ አስተማሪ ነኝ። የተወለድኩት ነጌሌ ነው፤ ቤተሰቤም እዚያው ነው። ታላቅ ወንድሜ ፍየል የጫነ አይሱዙ ይዞ ከፊልቱ ወደ ነጌሌ ሲመለስ መኪናው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ሐሙስ ሞተ፤ አርብ ነጌሌ ተቀበረ። ወሬው በወረዳው ሬዲዮ መገናኛ አርብ ጠዋት ተልተሌ ገባ። ዳይሬክተራችን ሰማ፣ አከራዬ ሰማች፣ ዘበኛው ሰማ፣ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ሰሙ። ከመልእክቱ ጋር ትእዛዝ ነበረ፤ አጎቴ በአሬሮ በኩል እየመጣ ነው፣ እሱ ደርሶ እሑድ ጎህ ሲቀድ እስኪያረዳኝ ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።

መርዶ ሥርዓት አለው። የሚነገረው በልቶ ላደረ፣ ተኝቶ ለተነሣ ሰው ነው፤ የሥጋ ዘመድ ፊቱ ቆሞ፣ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘው። ካልሆነ ሰውየው ወሬውን መንገድ ላይ እንደወደቀ ሳንቲም ለቅሞ ያገኘዋል፤ ይህ ለሟችም ለቋሚም ውርደት ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው የወንድሜን ሞት አፉ ውስጥ ይዞ እንዳያመልጠው ሲጠነቀቅ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የማላውቀውን አገር ሰው ሞት አነብ ነበር።

መጽሐፉን የላከልኝ ራሱ ወንድሜ ነው። እሱ በዕድሜው ጨርሶ ያነበበው መጽሐፍ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ያጠናውን ብቻ ነው። ሻሸመኔ ወይም አዲስ አበባ በወረደ ቁጥር ግን ለኔ መጽሐፍ ይገዛል፤ አገዛዙም የራሱ ነበር። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው ፊት ይቆምና "ወፍራምና የሚያስለቅስ" ይላል። ሰውየው ያቀረበለትን፣ ፍየል ሲገዛ ወገቧን እንደሚዳስሰው፣ አንሥቶ በእጁ ይመዝነዋል። ለዕረፍት ነጌሌ ሄጄ ጥግ ይዤ ሳነብ ካገኘኝ አይለቀኝም።

"እህሳ፣ ዛሬ ስንት ሞተ?"

"ሁለት።"

"ሴትየዋስ?"

"እሷ ገና ናት።"

"አይዞህ ትሞታለች፤ አንተ እጅ ገብታ የት ታመልጣለች!" ከዚያ ወደ እናታችን ይዞራል። "እማዬ፣ ይሄ ልጅሽ ሐዘን በብር ያስገዛል። እዚህ በነጻ ሞልቶ ተርፎ!"

"የምትገዛው አንተ አይደለህ እንዴ?" ስለው፣

"እኔማ ሹፌር ነኝ። የተጫነው ምንም ይሁን ምን፣ ማድረስ ነው" ይላል።

ያኛውን መጽሐፍ ወደ ያቤሎ በሚሄድ ጓደኛው እጅ ነው የላከው። ሽፋኑ የለም፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾችም የሉም፤ የደራሲውን ስም ለዓመታት አላወቅሁም። ከአምጪው ጋር የቃል መልእክት ነበረው። "ሻጩ ያስለቅሳል ብሎ ምሎልኛል፤ ካላስለቀሰህ ላከው፣ እመልስለታለሁ።"

ታሪኩ በረዶ በሚጥልበት አገር ነው። ወንዝ ዳር አንድ ባለወፍጮ አለ፤ ሚስቱ የለችም፤ ልጆቹ በአንድ ክረምት በጉሮሮ በሽታ ተራ በተራ ያልቁበታል። ደራሲው ይህን አይደብቅም፤ ሁሉም እንደሚሞቱ ገና ከጅምሩ ይነግርህና ከዚያ አራት መቶ ገጽ ያስጠብቅሃል። አንተ ታውቃለህ፤ አባትየው አያውቅም። እሱ ልጆቹን ጫማ ሲለካቸው፣ ለመጪው ዓመት ትልቅ ይሁን ብሎ ከቁጥራቸው ከፍ አድርጎ ሲገዛ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ታያለህ። ጮኸህ መንገር ያምርሃል። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ያን አርብና ቅዳሜ የተልተሌ ሰው ሁሉ እኔን እያነበበኝ ነበር።

ጨለማ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሲባል፣ ብዙ ሰው አገጩን በእጁ ደግፎ የተከዘ ሰው ይታየዋል። እኔ አልችልም። እግሬን ይበላኛል። አንድ ገጽ አንብቤ እነሣለሁ፣ ግቢውን እዞራለሁ፣ የማልጠጣውን ውሃ ከእንስራው እቀዳለሁ፣ ተመልሼ ግማሽ ገጽ አነባለሁ፣ እንደገና እነሣለሁ። መጽሐፉን ስይዘው መልቀቅ ያምረኛል፤ ስለቀው መያዝ። እግሩ እንደታሰረ ግመል ነኝ። ያን ሰሞን ደግሞ ባሰብኝ። የቆርቆሮው ጣራ በሙቀት እየተንጣጣ፣ ባለወፍጮው አንዱን ልጁን ቀብሮ ሁለተኛዋን ማስታመም ሲጀምር፣ እኔ ከአልጋ ወደ በር ከበር ወደ አልጋ እመላለሳለሁ። በዚህ ላይ ሰው ሰላም አልሰጠኝም።

መጀመሪያ የመጣው ዳይሬክተሩ ነው፤ አርብ ከሰዓት። የቦረና ሰው ነው፤ የተልተሌ ተወላጅ፣ በዕድሜ በብዙ ይበልጠኛል። ጠዋት ገና ክፍል ሳልገባ "ፊትህ ደክሟል፣ ቤትህ ግባ" ብሎ ሰዶኝ ነበር። እሱ እንኳን ለደከመ፣ ወባ ለያዘውም ፈቃድ አይሰጥም።

"አካም፣ እንዴት ነህ መምህር?" አለኝ በር ላይ ቆሞ።

"ናጋ።"

"ናጋ ነው?"

"ናጋ ነው አልኩዎ። እርስዎስ?"

"ናጋ፣ ናጋ። ሁሉም ናጋ ነው።" ቁጭ አለ። "ናጋ ነው" አለ እንደገና፣ ለራሱ።

ናጋ ሰላም ነው፤ ቦረና ሲገናኝ ከሰላም በፊት ወሬ የለም። ቤቱ እየነደደ የመጣ ሰው እንኳ መጀመሪያ "ናጋ" ይልሃል፤ ስለ እሳቱ የሚነግርህ ከዚያ ቀጥሎ ነው። የኔ ወገኖች ክፉ ወሬን እስከ ጎህ ያቆዩታል፤ የሱ ወገኖች ከሰላምታ ኋላ ያስቀምጡታል። ሁለቱ ልማድ በአንድ ዳይሬክተር ላይ ሲወድቅ፣ ሰውየው ሁለት ቀን ሙሉ ከሰላምታው ሳይወጣ ከረመ።

ዳማ አመጣ። በቆርኪ ነው የምንጫወተው፤ እሱ የቢራ፣ እኔ የለስላሳ። ሲያሸንፈኝ የኖረ ሰው ነው፤ ማሸነፍ ብቻም አይደል፣ በየቆርኪው ላይ ይሰድበኛል። "ይሄንን በልተህ ልትሞት? ዩኒቨርሲቲ ይሄን ነው ያስተማረህ?" ያን ቀን ግን ንጉሡን ከፊቴ አኑሮ "ብላ" አለኝ። በላሁ። አሸነፍኩ። እንዴት እንደኮራሁ ሳስታውሰው ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

"አረጁ ዳይሬክተር! ጃጁ!" አልኩት።

"አዎ፣ አረጀሁ" አለ። እንባ ያቀረረ መሰለኝ፤ ለዳማ ይሆናል አልኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። በጠዋት መጥቶ ካልወጣን አለኝ። መጽሐፉን ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ፤ ልተወው አልቻልኩም፣ ሁለተኛዋ ልጅ ልትሞት የቀራት ጥቂት ገጽ ነበር። ከኮንሶ በመጡ የሸክላ ሻጮች መሃል ስናልፍ ሰዎች እያዩኝ ዝም ይላሉ፤ ካለፍን በኋላ ወሬያቸውን ሲቀጥሉ እሰማለሁ። ለፀጉሬ ነው ብዬ ነበር፤ አድጎ ነበር።

"ይሄን መጽሐፍ ለኔ አውሰኝ" አለ ዳይሬክተሩ ድንገት።

"እርስዎ ልብ ወለድ ያነባሉ?"

"ልጀምር ነው።"

"ስጨርስ እሰጥዎታለሁ።"

"ዛሬ ነው ያማረኝ።"

"እርጉዝ ነዎት እንዴ?"

አልሳቀም። "ምንድነው የሚለው?" አለ።

"የአንድ ሰው ልጆች ይሞቱበታል።"

ቆመ። "ተወዋ ታዲያ! ምነው አንተ ልጅ? ፀሐይ አለ፣ ገበያ አለ፣ ሰው ሞት ይዞ ገበያ ይወጣል? ኮቱ፣ ና ግመል እንይ።"

ግመሎቹ ዘንድ ስንደርስ ስብከቴን ጀመርኩ። ስብከቴን ዛሬ ሁሉም ያውቀዋል፤ በየጋዜጣው ጽፌው ገንዘብ በልቼበታለሁ። ያኔ ግን ትኩስ ነበር። ይህ ሕዝብ እውነትን ፊት ለፊት ማየት አይወድም አልኩት። መጽሐፍ ሲያነብ እንኳ ጋብቻ ካላየ ገንዘቤን መልሱ ይላል አልኩት። ወዲያው ምሳሌ አስፈለገኝ።

"መርዶን ይውሰዱ። ሰውዬው ወንድሙ ሞቶበታል፤ እኛ 'እራት በልተሃል ወይ' እንለዋለን። መንደር ሙሉ ያውቃል፤ እሱ ብቻ እንደ ሞኝ ይስቃል። ይሄ ርኅራኄ ነው? ይሄ ፍርሃት ነው።"

ዳይሬክተሩ የአንዱን ግመል ከንፈር ገልብጦ ጥርሱን ያያል። ሊገዛው አልነበረም። ባለቤቱ በኦሮምኛ ዋጋ ቢነግረውም አልመለሰለትም።

"አንተ ብትሆን እንዴት ይነገርህ ትወዳለህ?" አለኝ፣ ፊቱን ከግመሉ ሳያነሣ።

"በቀጥታ። በአንድ ዓረፍተ ነገር።"

"በየትኛውም ሰው?"

"በየትኛውም ሰው። እርስዎም ቢሆኑ።"

ያኔ ዞሮ አየኝ። አፉን ከፈተ፤ ከንፈሩ ቃሉን ሲጀምር አይቼዋለሁ። ከዚያ ዘጋው።

"ናጋ ነው" አለ። ቀድሞኝም ወደ ቤት መንገድ ጀመረ።

ከሰዓት ብቻዬን ተዉኝ፤ አጎቴ በምሽት ስለሚደርስ የሚያሰናዱት ነገር ነበራቸው መሰለኝ። አከራዬ ባሏ የድሮ መኮንን የነበረ የሰሜን ሴት ናት፤ ከልጆቿ ጋር በዋናው ቤት ትኖራለች፣ እኔ በጓሮ ክፍል። ኩራዝ አምሽተህ ታበራለህ ብላ ሳትጨቀጭቀኝ ያደረችበት ቀን አልነበረም። ከአርብ ጀምሮ ግን ምግብ ታመላልስልኝ ነበር፤ ሥጋ ያለበት፣ ሳልጠይቃት። ስበላ ቆማ ታያለች፤ ስጨርስ ትተነፍሳለች።

ባለወፍጮው ሁለተኛዋን ልጅ ቀበረ፤ አላለቀስኩም። ትንሹ ልጅ ታመመ፤ አላለቀስኩም። ሞተ፤ ያኔም አላለቀስኩም። የደራሲው አሠራር ይገባኝ ነበር፤ እዚህ ላይ ሊያስለቅሰኝ ነው እያልኩ ከፊቱ እቀድመዋለሁ። ሙያተኛ አንባቢ እንዲህ ነው፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ የድንኳኑን አተካከል ያያል።

ከዚያ ያልጠበቅሁት መጣ። ትንሹ ልጅ በሕይወት ሳለ የቤታቸው በር ሲከፈት የሚያሰማውን ጩኸት ይፈራ ነበር። "አባባ፣ በሩ ያለቅሳል" ይላል። አባትየው "ነገ እሠራዋለሁ" ይለዋል። ሥራ አለ፣ ክረምት ነው፣ ነገ ይደርሳል። ልጁ ከተቀበረ በኋላ አባትየው ብቻውን ይመለሳል። በሩን ሲከፍተው ይጮሃል። ቆሞ ያዳምጠዋል። ከዚያ ሞራ ያመጣና ማጠፊያውን ይቀባዋል። ይከፍታል፤ ድምፅ የለም። ይዘጋል፤ ድምፅ የለም።

ምዕራፉ እዚያ አለቀ። እኔ ተነሥቼ ልዞር ነበር፤ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአልጋው ጫፍ ላይ መነሣት አቃተኝ። እንባዬ መጣ፤ በዓይን ዳር የምትጠረግ ዓይነት አይደለም፣ ትከሻ የሚያንቀጠቅጥ፣ ድምፅ ያለው። መጽሐፉን ደረቴ ላይ ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አከራዬ በዚህ መሃል ሳህን ይዛ ገባች።

አየችኝ። ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። "ውይ! ውይ ልጄን!" አለች፤ ነጠላዋን ከራሷ ጎትታ ወገቧ ላይ አሰረች። "ማነው የነገረህ? ማነው ይሄ ጨካኝ፣ ሳይነጋ ያረዳህ? ውይ አንተ ልጅ፣ ውይ የኔ ብቸኛ!"

እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ መጽሐፉን አንብባዋለች ብዬ ነው። በልቅሶዬ መሃል ደስ አለኝ።

"እትዬ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው" አልኳት። "ልጁ የእውነት ልጅ አይደለም።"

እሷ አልሰማችኝም። ደረቷን እየደቃች ሙሾ ማውረድ ጀምራለች። "ምነው ያን የመሰለ ወንድ! ምነው ያን ሳቂታ! ባለፈው መጥቶ በዚች በር ላይ ቆሞ 'ወንድሜን አደራ' ያለኝ! ምነው መኪናው፣ ምነው መንገዱ..."

በረዷማው አገር መኪና አልነበረም። የትኛው ቃል ላይ እንደገባኝ አላውቅም። የማውቀው እንባዬ እዚያው እንደቆመ ነው። ቧንቧ እንደሚዘጋ ቆመ። ፊቴ ላይ የነበረውም ደረቀ፤ ቆዳዬን ሲይዘኝ ይሰማኝ ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ ከአርብ ጀምሮ ተዘጋጅቶ ኖሮ ወዲያው ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ዳይሬክተሩ እያለከለከ ደረሰና አከራዬን በክንዷ ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት፤ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት ነበር።

"ማን ተናገሪ አለሽ? አንድ ሌሊት አይደለም የቀረው?"

"ሲያለቅስ አገኘሁታ!"

"ምን ሆኖ?"

"እኔ ምን አውቄ! ሰማ ብዬ ነዋ! ሰው ከሜዳ ተነሥቶ ያለቅሳል?"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"መምህር" አለ ዳይሬክተሩ። "ምን ሆነህ ነው ያለቀስከው?"

"በሩ" አልኩ።

"የምን በር?"

የወንድሜ ለቅሶ ላይ ለተሰበሰበ ሰው፣ የሌለ ሰው በሌለ በር ማጠፊያ ላይ ሞራ እንደቀባ ማስረዳት ነበረብኝ። ጀምሬም ነበር። አንዲት አሮጊት "ልጁን ያዙት፣ ልቡ ሸሽቷል" አለች፤ ያዙኝ።

አጎቴ ያን ምሽት ዳይሬክተሩ ቤት ደረሰ። ወሬው እንዳመለጠ ነገሩት። ምን እንደመለሰ ዳይሬክተሩ በኋላ አጫውቶኛል። "አልሰማም" ነው ያለው። "ከኔ ካልሰማ አልሰማም። ይህን ሁሉ መንገድ በጭነት መኪና ላይ የመጣሁት ለምንድነው?" ስለዚህ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ እሱ እንደማውቅ እያወቀ፣ እኔ መምጣቱን እያወቅሁ፣ ሁለታችንም ጎህን ጠበቅን።

ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። አጎቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገባ፤ ጋቢው አቧራ ለብሷል። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ክንዴን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

"ልጄ፣ እራት በልተሃል?"

"በልቻለሁ፣ ጋሼ።"

"ተኝተሃል?"

"ተኝቻለሁ።"

"እንግዲህ ጠንክር። ወንድምህ አርፏል።"

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እንደፈለግሁት። ዛሬ ይሄው በስልክ ይመጣል፤ የሻማ ሥዕል ተለጥፎበት፣ ምሳ ላይ ሳለህ፣ በየትኛውም ሰው። ምኞቴ ተፈጽሟል ማለት ነው፤ አልወደድኩትም። ያን ጠዋት ሁሉም ቆሞ ጠበቀኝ። ሽማግሌዎቹ ስወድቅ ሊደግፉኝ እግራቸውን አንፈራጠጡ። አልወደቅሁም። ክንዴን የያዘው እጅ ቀስ በቀስ ላላ፤ ምን እንደሚያደርጉበት ጠፋቸው፤ አንደኛው እጄን መታ መታ አድርጎ ለቀቀው።

"አታለቅስም?" አለ አጎቴ።

"ትናንት አልቅሼ ነው፣ ጋሼ።"

"ለማን?"

ያ ጥያቄ ከያቤሎ እስከ አሬሮ፣ ከአሬሮ እስከ ነጌሌ መሃላችን ተቀምጦ ተጓዘ። አጎቴ በመስኮት ያያል፤ እኔ ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆነልኝም፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርጄ እዞራለሁ። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ነጌሌ እናቴ ድንኳን ሥር ተቀምጣለች፤ ስገባ ሁሉም ሰው ፊቴን ያያል፤ እሷም ታያለች። ለወንድሜ የነበረኝን ሁሉ ለባለወፍጮ ልጅ ሰጥቼ፣ ባዶ እጄን ልገባ ነው። ክትባት የሚሉት ነገር ይሠራል ማለት ነው እንዴ? እንዲህ ከሆነ የሚሠራው፣ በሽታው ይሻላል። ወንድሜን ለማሰብ እሞክራለሁ፤ ሳቁን አመጣለሁ፣ መሪ ላይ የሚያሳርፈውን እጁን አመጣለሁ። በየመሃሉ በሩ ይገባብኛል፤ ይከፈታል፣ ድምፅ የለም።

መጽሐፉ ተልተሌ ቀረ። ከዓመት በኋላ ጨረስኩት፤ እውነቱን ለመናገር መጨረሻው ደካማ ነው። ደራሲው ራሱ ጭካኔው ሳይከብደው አልቀረም፤ አንድ ቄስ አምጥቶ ባለወፍጮውን ያጽናናዋል፣ ጸደይ ይመጣል፣ በረዶው ይቀልጣል። የበሩ ነገር ጥቂት መስመር ነው። ለሰው ሳነበው "እና?" ይሉኛል።

ነጌሌ ስንደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ሴቶቹ ሲያዩኝ ጮኹ፤ እናቴ እጇን ዘረጋች፤ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ዓይኔ ደረቅ ነበር። ጎንበስ ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። ዙሪያውን ሹክሹክታ ሰማሁ። ልጁን መጽሐፍ ነው የበላው የሚል ነገር።

ወደ አጎቴ ዞረች።

"እንዴት ሆኖ ሰማ ልጄ?"

ይህን ለቅሶ ቤት ውስጥ ሁሉም ይጠይቃል። ሟች ምን ያህል እንደሚከበር የሚለካው በከፊል በዚህ ነው፤ መርዶው በማን፣ እንዴት፣ የትኛው ሰዓት ላይ ደረሰ። አጎቴን አየሁት። በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም የሚባል ሰው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዥ።

ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጎህ ሲቀድ ነው" አለ። "ወፍ ሳይንጫጫ። በሩን ሳንኳኳ ራሱ ከፈተልኝ። 'ጋሼ፣ ምን እግር ጣለዎ?' ብሎ እየሳቀ አቀፈኝ። ምንም አያውቅም። 'እራት በልተሃል?' አልኩት፤ ያኔ ገባው። ልብ ያውቃል። 'ማነው?' አለኝ። ገና 'ወንድምህ' ከማለቴ ክንዱን ከያዙት ሽማግሌዎች እጅ ሾልኮ ወጣ።"

"ውይ ልጄን" አለች እናቴ።

"በባዶ እግሩ ነው። በሌሊት ልብሱ። በእግሬ ነጌሌ እገባለሁ፣ ሳይቀብሩት እደርሳለሁ ብሎ የያቤሎን መንገድ ይዞ ሮጠ። እኛ ከኋላ። አንቺዬ፣ ጎረምሶች ናቸው የተከተሉት፣ ሊደርሱበት አልቻሉም። 'ጠብቀኝ' እያለ ይሮጣል። 'ወንድምዬ ጠብቀኝ፣ እየመጣሁ ነው' ይላል።"

ያን ሰው አየሁት። በሚነጋው ብርሃን፣ በቀይ አፈር ላይ፣ በማይደረስ መንገድ ላይ በባዶ እግሩ የሚሮጠውን ሰው አየሁት። ሦስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር በእግሩ ሊሄድ ነው። የተቀበረን ሰው ጠብቀኝ ይለዋል። እንዴት አሳዘነኝ። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተነቀለ፤ ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ግንባሬን እናቴ ጉልበት ላይ ደፋሁ። ድምፄን ስሰማው የራሴ አልመሰለኝም።

"አዎ፣ አልቅስ" አለች እናቴ፤ እጇ ማጅራቴ ላይ ነበር። "አልቅስለት የኔ ልጅ። አልቅስለት።" ድንኳኑ ሙሉ ተቀበላት።

አጎቴ ሊያቆም ይችል ነበር። ቀና ብዬ በእንባዬ መሃል አየሁት፤ እሱም አየኝ። ውሃ አንድ ጊዜ ተጎነጨ፤ ብርጭቆውን አስቀመጠና ሩጫውን አስረዘመው።